ሽቦው፣ ፕላስቲኩና የዲክሲስ መንገድ

በአርሲ፣ በዲክሲስ ደጋ የገብስ ቆሎ ከምጣድ ወርዶ እስኪቀዘቅዝ የሚጠብቅ ሰው የለም። እፍኝ አንስቶ ወደ አፍ፣ ከዚያ በመንጋጋ ቀርጠፍ ነው። ጥርሱ ላይ የብረት ማስተካከያ ላስለጠፈ ሰው ግን አንዲት ጠንካራ ፍሬ ከባድ መዘዝ ልታመጣ ትችላለች። በእያንዳንዱ ጥርስ ፊት ላይ የምትለጠፈው፣ የምስር ፍሬ የምታክለው ብረት ብራኬት ትባላለች። ቆሎው ማጣበቂያዋን ሲያስለቅቃት ሕመም ላይኖር ይችላል፤ ሽቦው ላይ ተንጠልጥላ ትቀራለች፣ ያ ጥርስም ጉዞውን ያቆማል። አዲስ አበባ የሚኖር ሰው በማግሥቱ ሐኪሙ ዘንድ ብቅ ብሎ ያስለጥፋታል። የዲክሲሱን ሰው ግን ረጅም መንገድ ይጠብቀዋል፤ ከአሰላ እንኳ አዳማ 75፣ አዲስ አበባ 175 ኪሎ ሜትር ነው።

ስለ ጥርስ ማስተካከያ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሣው የሚታይና የማይታይ ነገር ነው። ሽቦው ሲስቁ ያብረቀርቃል፣ ግልጹ ፕላስቲክ አይታይም፤ ስለዚህ ገንዘብ ያለው ፕላስቲኩን ይምረጥ ይባላል። ለአርሲ ደጋ ነዋሪ ግን ይህ ሚዛን አይበቃም። እዚህ የሚመዘነው መንገዱ፣ ምግቡ፣ ቡናው እና ከሁሉም በላይ ሐኪሙን ለሁለት ዓመት ያህል እየተመላለሱ የማግኘት ዕድሉ ነው።

ምርጫው ከመምጣቱ በፊት ግን ሌላ ጥያቄ አለ፤ ጥርሱ በእርግጥ መስተካከል ያስፈልገዋል? በአገራችን ፍንጭት የውበት ምልክት ነው። ሐጫ በረዶ የመሰለ ጥርስ መካከል ያለች ክፍተት ስንትና ስንት ጊዜ ተዘፍኖላታል። የፊት ጥርሶቹ ጤነኛ ከሆኑና ድዱ ካልታመመ፣ ፍንጭትን የግድ የሚያስዘጋ የሕክምና ምክንያት የለም። በውጭ አገር ማስታወቂያ ላይ እንደ ጉድለት ስለቀረበ ብቻ እናት የሰጠችውን ፍንጭት ለማስደፈን መሯሯጥ ያሳዝናል።

ገጣጣ ጥርስ ሌላ ነገር ነው። ከከንፈር አልፎ የወጣ የፊት ጥርስ ልጁ ሲወድቅ ወይም ኳስ ሲመታው ቀድሞ የሚሰበረው እሱ ነው። እርስ በርሱ የተደራረበ ጥርስ ምግብ ይይዛል፤ መፋቂያውም ብሩሹም መካከሉ አይደርስም፣ ከጊዜ በኋላ መበስበስና የድድ ሕመም ይከተላል። የላይኛው ጥርስ በታችኛው ውስጥ ተቆልፎ የሚገጥምባቸውም አሉ፤ እነዚህ በትክክል ማኘክ ይቸገራሉ፣ ጥርሳቸውም ያለ አግባብ ይሞረዳል። ለእንዲህ ያሉት ማስተካከያ ቅንጦት አይደለም።

አንዳንዱ መጣመም ደግሞ በእጃችን የሠራነው ነው። ሕፃን ሲያስቀምጠውና ሲያተኩሰው፣ ድዱ ላይ ክራንቻው ሊወጣ ያበጠውን ቦታ አይተው «ግግ ነው» ብለው በስለታም ነገር ፈልቅቀው የሚያወጡ ሰዎች በብዙ የአገራችን ክፍል ነበሩ፤ ዛሬም አልጠፉም። የሚወጣው ነገር እንደሚታሰበው ትል አይደለም፤ ገና ያልጠነከረ የወተት ጥርስ ነው። ከሥሩ ያለው የቋሚው ክራንቻ ፅንስም አብሮ ይጎዳል። ልጁ 11 ወይም 12 ዓመት ሲሞላው የሚጠበቀው ክራንቻ ሳይበቅል ይቀራል፣ ወይም ተበላሽቶ ይወጣል፤ ጎረቤት ጥርሶች ወደ ባዶው ቦታ ይንሸራተታሉ፣ የፊት ጥርሶች መሐል መስመርም ወደ አንድ ጎን ይሄዳል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ይህን ልማድ እንዲቀር ሲያስተምሩ ከሕፃኑ ሕይወት ባሻገር የጎረምሳውን ጥርስም እየጠበቁ ነው። ተቅማጡ የሚድነው በሌላ መንገድ ነው፤ የተጎዳው ክራንቻ ግን አይመለስም።

ጥርስ እንዴት ነው የሚንቀሳቀሰው? አጥንት ውስጥ እንደ ችካል የተተከለ ይመስላል፤ ነገር ግን በሥሩና በአጥንቱ መካከል ቀጭን የጅማት ሽፋን አለ። ጥርሱ በቀላል ኃይል ሳይቋረጥ ሲገፋ፣ በሚገፋበት አቅጣጫ ያለው አጥንት ቀስ በቀስ ይሟሟል፤ ከኋላው ደግሞ አዲስ አጥንት ይሞላል። ጥሩ በሚባል ሁኔታ በወር 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው የሚሄደው። ኃይል ቢጨምሩበት አይፈጥንም፤ ሥሩ ይጎዳል እንጂ። ሽቦውም ፕላስቲኩም የሚሠሩት በዚሁ አንድ ሕግ ነው።

የሽቦው ታሪክ ረጅም ነው። ፈረንሳዊው ፒየር ፎሻር እ.ኤ.አ. በ1728 ባሳተመው የጥርስ ሕክምና መጽሐፍ ጥርሶችን በክር የሚያስርበት ቀስት የሚመስል የብረት ማስተካከያ አሳይቷል። አሜሪካዊው ኤድዋርድ አንግል ደግሞ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የጥርስ አገጣጠም ችግሮችን በሦስት መደብ ከፈላቸው፤ ሐኪሞች እስከ ዛሬ የሚነጋገሩት በእሱ አከፋፈል ነው። ድሮ እያንዳንዱ ጥርስ በብረት ቀለበት ይታሰር ነበር። በኋላ የጥርስን ገጽ በአሲድ ሻከር አድርጎ ብራኬትን በማጣበቂያ መለጠፍ ተቻለ። በአሜሪካ ባሕር ኃይል ቤተ ሙከራ የተገኘው የኒኬልና የቲታኒየም ቅይጥ ሲመጣ ደግሞ ሽቦው ራሱ ብልህ ሆነ፤ ተጣሞ ቢታሰርም በአፍ ሙቀት ወደ ቀድሞ ቅርጹ ለመመለስ ለሳምንታት ጥርሱን በለስላሳ ኃይል ይጎትታል።

ግልጹ ፕላስቲክ፣ አላይነር የሚሉት፣ የቅርብ ጊዜ ሥራ ነው። ዚያ ቺሽቲ የተባለ የስታንፎርድ ተማሪ ለአቅመ አዳም ከደረሰ በኋላ ሽቦ አሠርቶ ነበር። ሽቦው ከወለቀ በኋላ የሚሰጠው ግልጽ ማቆያ፣ ጥርሱ ትንሽ ሲሸሽ መልሶ እንደሚገፋው አስተዋለ። «አንዱ ፕላስቲክ ትንሽ ከገፋ፣ በተከታታይ የተሠሩ ብዙዎቹ ሩቅ ይገፋሉ» የሚለው ሐሳብ የመጣው ከዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ከኬልሲ ዊርዝ ጋር አላይን ቴክኖሎጂን መሠረቱ፤ ኢንቪዛላይን የሚባለው ምርት በ1998 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ቁጥጥር ባለሥልጣንን ፈቃድ አገኘ። እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የመጀመሪያዎቹ የፈጠራ መብቶች ጊዜያቸው እያለፈ ሲሄድ ሌሎች አምራቾችም ገቡበት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የታካሚው አፍ በካሜራ ወይም በልክ መውሰጃ ይቀዳል፤ ኮምፒዩተር ላይ ጥርሶቹ ከዛሬው ቦታ እስከ መጨረሻው ቦታ ደረጃ በደረጃ ይሳላሉ፤ ለእያንዳንዱ ደረጃ አንድ ፕላስቲክ ይሠራል። አንዱ አላይነር አንድን ጥርስ ሩብ ሚሊ ሜትር ያህል ነው የሚያንቀሳቅሰው። 3 ሚሊ ሜትር መሄድ ያለበት ጥርስ ስለዚህ 12 ያህል ተከታታይ ፕላስቲክ ይፈልጋል፤ እያንዳንዱ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ይለበሳል። «ምንም አይታይም» የሚለው አባባልም ሙሉ በሙሉ እውነት አይደለም። ፕላስቲኩ ጥርሱን ጨብጦ እንዲያዞረው ብዙ ጊዜ የጥርስ ቀለም ያላቸው ትናንሽ ጉብታዎች ጥርሶቹ ላይ ይለጠፋሉ።

ፕላስቲኩ በቀን ከ20 እስከ 22 ሰዓት አፍ ውስጥ መቆየት አለበት። ለመብላት ይወልቃል፤ ከውኃ በስተቀር ሌላ ለመጠጣትም ይወልቃል፣ ምክንያቱም ትኩስ ነገር ፕላስቲኩን ያጣምመዋል፣ ቡናና ሻይ ያቀልሙታል፣ ስኳር ደግሞ በፕላስቲኩና በጥርሱ መካከል ታፍኖ ጥርሱን ይበላዋል። አሁን ሒሳቡን በአንድ የአርሲ ቤት እንሥራው። ከ24 ሰዓት 22ቱ ሲቀነስ 120 ደቂቃ ይቀራል። ቁርስ 20፣ ምሳ 30፣ እራት 30 ደቂቃ ይውሰድ፤ የተረፈው 40 ደቂቃ ነው፤ ጥርስ መቦረሻውም ከዚያው ላይ ነው። ቡናው ተፈላና ጎረቤት ተጠራ። ከአቦል እስከ በረካ በአንድ መቀመጫ ሰዓት ይሞላል፤ ማታም ይደገማል። አላይነሩ ያን ሁሉ ጊዜ መሶቡ ዳር በሶፍት ተጠቅልሎ ይቀመጣል፤ ሶፍቱን ማንም አንሥቶ ይጥለዋል፣ ወይም ቡችላ ይዞት ይሄዳል። ሁለቱንም ቡና በረጅሙ መጠጣት የሚወድ ሰው አላይነር ከመጀመሩ በፊት ይህን ከራሱ ጋር ይነጋገርበት፤ አቦልን ብቻ ጠጥቶ፣ አፉን ተጉመጥምጦ ፕላስቲኩን መመለስ መቻል አለበት። ጾም ግን ይረዳል። በረመዳን ቀኑን ሙሉ፣ በዐቢይ ጾምም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ፕላስቲኩ ሳይወልቅ ይውላል።

ሽቦው በዚህ ረገድ አያስቸግርም። ቡና ጠጡ አልጠጡ፣ ረሱት አልረሱት፣ ቀንም ሌሊትም ይሠራል። ጠላቱ ጠንካራና ተጣባቂ ምግብ ነው፤ ቆሎ፣ ሸንኮራ፣ የበቆሎ እሸት ከነቆረቆንዳው፣ ማስቲካ። ገንፎ፣ ጨጨብሳና በሶ በሽቦም ይበላሉ። የወይራ መፋቂያ ብቻውን ግን በቂ አይደለም፤ ከሽቦው በላይና በታች በብሩሽና በፍሎራይድ የጥርስ ሳሙና በደንብ ካልተጸዳ፣ ብራኬቱ ሲወልቅ ዙሪያውን ነጭ የመበስበስ ጠባሳ ይቀራል። ይህ ጠባሳ ብዙ ጊዜ ሙሉ በሙሉ አይለቅም።

ወደ መንገዱ እንመለስ። ሽቦ ያሠራ ሰው በየ4 እስከ 8 ሳምንቱ ሐኪሙን ማየት አለበት። ሕክምናው 18 ወር ቢፈጅና ቀጠሮው በየ6 ሳምንቱ ቢሆን 13 ጉዞ ነው፤ ልጅ ከሆነ አብሮት የሚሄድ ሰው ሲጨመር ትራንስፖርቱ እጥፍ። ከነዚህ አንዳንዱ ቀጠሮ አዝመራ በሚሰበሰብበት ሳምንት፣ ሌላው በፈተና ቀን ይውላል። አላይነር እዚህ ላይ ይሻላል፤ ሐኪሙ የበርካታ ሳምንታት ፕላስቲክ አንድ ላይ ሰጥቶ በየ2 ወይም 3 ወሩ ማየት ይችላል። ነገር ግን ጥርሱ ዕቅዱን ሳይከተል ሲቀር፣ ፕላስቲኩ ጥርሱ ላይ አልገጥም ሲል፣ እንደገና ልክ ተወስዶ አዲስ መሥራት ይጠይቃል።

የፕላስቲኩም አቅም ወሰን አለው። ቀላልና መካከለኛ መደራረብ፣ ትንሽ ክፍተት፣ በልጅነት በሽቦ ተስተካክሎ በኋላ የተመለሰ ጥርስ፣ እነዚህ ለአላይነር ምቹ ናቸው። በብዙ የዞረ ክራንቻ፣ ወደ ታች መሳብ ያለበት ጥርስ፣ ጥርስ ተነቅሎ ሰፊ ቦታ የሚዘጋበት፣ በግግ ምክንያት የተናጋ መንጋጋ ከሆነ ግን በሽቦ የተሻለ ይገዛል። አላይነርን በየዕለቱ ማን እንደሚቆጣጠር ያልታወቀለት የ13 ዓመት ልጅም ቢሆን ሽቦው ይሻለዋል። ሥራውን ጠንቅቆ ለሚከታተል፣ ችግሩም ቀላል ለሆነ አዋቂ ግን ፕላስቲኩ ጥሩ ነው።

ከአርሲ ደጋ ወርደው ዝዋይ፣ ወንጂ ወይም መተሐራ ያደጉ ሰዎች ሌላ ጉዳይ ይጨመርባቸዋል። በስምጥ ሸለቆ ብዙ ጉድጓዶች ውስጥ ያለው ፍሎራይድ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው የ1.5 ሚሊ ግራም በሊትር ወሰን ያልፋል፤ በልጅነቱ ይህን ውኃ የጠጣ ሰው ጥርሱ ቡናማ ሊሆን ይችላል። ሽቦም ፕላስቲክም ቀለሙን አያነጣም። በጣም በተጎዳ ገጽ ላይ ብራኬትም ሆነ የአላይነር ጉብታ በደንብ አይጣበቅም፤ ሐኪሙ አስቀድሞ እንዲያውቀው መንገር ያስፈልጋል።

በርቀት የሚኖር ሰው «ሐኪም ሳያዩ በፖስታ የሚመጣ ፕላስቲክ» የሚለው ማስታወቂያ ቢያስጎመጀው አይፈረድበትም። አሜሪካዊው ስማይል ዳይሬክት ክለብ እ.ኤ.አ. በ2014 ተመሥርቶ ይህንኑ ይሸጥ ነበር፤ በታኅሣሥ 2023 በኪሳራ ሲዘጋ ሕክምናቸውን ያልጨረሱ ደንበኞቹ ሜዳ ላይ ቀሩ። ከዚያ የከፋው ፍንጭትን ለመዝጋት ጥርስ ላይ የሚጠመጠመው ተራ ላስቲክ ነው። ላስቲኩ እየተንሸራተተ ከድድ ሥር ይገባል፣ የጥርሱን መያዣ እየቆረጠ ወደ ሥሩ ይወጣል፤ ጤነኛ የፊት ጥርስ በዚህ ተነቅሎ ወድቋል።

ስለዚህ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚፈልገው ኦርቶዶንቲስት የሚባለውን ስፔሻሊስት ነው። እነዚህ ባለሙያዎች ጥቂት ናቸው፣ አብዛኛዎቹም አዲስ አበባ ናቸው። ልጁ 7 ዓመት ገደማ ሲሆነው አንዴ ማሳየት ይመከራል፤ ሽቦ ይታሰርለት ማለት አይደለም፣ ቋሚ ጥርሶቹ ቦታ እንዳላቸው በራጅ ይታያል። የተበላ ጥርስና የታመመ ድድ ካለ አሰላ ላይ ታክሞ መጨረስ ይቻላል፤ ማስተካከያ በታመመ አፍ ላይ አይጀመርም።

ዋጋ ላይ የሚጠየቀው «ስንት ነው?» ብቻ መሆን የለበትም። ብራኬቱም ሽቦውም ፕላስቲኩም ከውጭ የሚመጣ ነው፤ የብር ምንዛሪ ሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የውጭ ዕቃ ዋጋ የት እንደደረሰ ሁሉም ያውቀዋል። ብራኬት ሲነቀል ይከፈላል ወይ? አላይነር ቢጠፋ ወይም እንደገና ቢሠራስ? መጨረሻ ላይ የሚሰጠው ማቆያ በዋጋው ውስጥ አለ? ክሊኒኩ ቢዘጋ ወይም ሐኪሙ ቢለቅ መዝገቡና ራጁ ለታካሚው ይሰጣል? መልሱ በወረቀት ቢሰፍር ይመረጣል።

ማቆያው፣ ሪቴይነር የሚባለው፣ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነው። ሽቦ ወልቆ ወይም የመጨረሻው አላይነር አልቆ ጥርሱ ቀጥ ሲል፣ በዙሪያው ያለው ጅማት ገና አልረጋም፤ ጥርሱን ወደ ድሮው ይጎትተዋል። ማቆያው መጀመሪያ ቀንና ሌሊት፣ በኋላ ሌሊት ሌሊት ለዓመታት ይደረጋል። የሚታጠበው በቀዝቃዛ ውኃና በለስላሳ ብሩሽ ነው፤ በፈላ ውኃ ወይም ምድጃ ዳር ከተቀመጠ ቅርጹን ይለቃል፤ ሌላ ለማሠራትም እንደገና ወደዚያው ክሊኒክ መሳፈር ነው።