በትምህርት ቤት ሣር ውስጥ ስለሚበቅለው ቅንጨ አረምና ስለ ማጥፊያው መርዝ

በአገራችን ልማድ ተባይን ወይም አረምን ለመግደል የሚረጨው ነገር ሁሉ «መድኃኒት» ይባላል። ገበሬው «መድኃኒት ረጨሁ» ይላል፤ ነጋዴውም «የአረም መድኃኒት አለን» ብሎ ይሸጣል። አጠራሩ ለአፍ የለመደ ቢሆንም ለጤና ጥበቃ ሥራ እንቅፋት ሆኖ አግኝተነዋል። መድኃኒት የተባለውን ነገር ሰው ከቤቱ መደርደሪያ ላይ ያስቀምጠዋል፤ በእጁም ያለ ሥጋት ይነካዋል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ በትክክለኛ ስሙ መርዝ ብለን እንጠራዋለን። ይህንንም የምናደርገው አንባቢን ለማስፈራራት አይደለም፤ እንዲያውም ከዚህ በታች እንደሚነበበው መርዙን በአግባቡ መጠቀም የሚያስፈልግበት ጊዜ መኖሩን አንክድም።

ጽሑፉን እንድናዘጋጅ ያነሣሣን በየክረምቱ መግቢያ ከመምህራን የሚቀርብልን ጥያቄ ነው። ቅንጨ አረም በትምህርት ቤታችን ሣር ውስጥ ገብቶ ተስፋፋ፤ ተማሪዎቹን እናስነቅል ወይስ መርዝ እናስረጭ? ይላሉ። በስምጥ ሸለቆ ቆላ ውስጥ የሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ሁለቱንም በተከታታይ ዓመት ሞክሮ በሁለቱም ሲሳሳት አይተናል። በመጀመሪያው ዓመት ተማሪዎች በሰልፍ ወጥተው ያበበውን አረም በባዶ እጃቸው እንዲነቅሉ ተደረገ። ሥራው በግማሽ ቀን አለቀ፤ ነገር ግን ከተማሪዎቹ ብዙዎቹ በማግሥቱ እጃቸውን፥ አንገታቸውንና የዓይናቸውን ቆብ እያከኩ መጡ። በሁለተኛው ዓመት አመራሩ ከዚህ ተምሮ መርዝ ገዝቶ አስረጨ። ከመርጫው የተረፈው ግን በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ተሞልቶ በዘበኛው ቤት መስኮት ላይ ተቀመጠ። የጽዳት ሠራተኛዋ ለብ ያለ ሻይ መስሏት ልትደፋው ስትከፍተው ሽታው አስደነገጣት እንጂ፥ ከእርሷ አስቀድሞ የተጠማ ልጅ ቢያገኘው ኖሮ የሚሆነውን መገመት አያዳግትም።

ቅንጨ አረም የአገራችን ተክል አይደለም። የትውልድ ስፍራው ሞቃታማው የአሜሪካ አህጉር ክፍል ነው። ወደ ኢትዮጵያ ከእርዳታ እህል ጋር ሳይገባ አይቀርም ተብሎ የሚገመት ሲሆን፥ ከ1970ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ በድሬዳዋና በሐረርጌ እንዲሁም በወሎ በኩል እየታየ ቆይቶ ዛሬ በመንገድ ዳር፥ በግጦሽና በእርሻ ላይ በሰፊው ተሠራጭቷል። በሐረርጌ በኦሮምኛ «ፈረምሲሳ» ይሉታል፤ መሬትህን ፈርመህ አስረክብ እንደ ማለት ነው። ስሙን ያወጣው ገበሬ ነገሩ ገብቶታል። ተክሉ በልጅነቱ ቅጠሉን በመሬት ላይ አንጥፎ ሣሩን ያፍናል፤ ከዚያም ግንድ አውጥቶ ከሰው ቁመት ሊደርስ ይችላል። ከበቀለ ከአንድ ወር ወይም ከአንድ ወር ተኩል በኋላ ደቃቅ ነጭ አበባ ያወጣል፤ አንዱ የጎለመሰ ተክልም ከ15,000 የሚበልጥ ዘር ሊበትን ይችላል። ዘሩ በጎርፍ፥ በመኪና ጎማ ጭቃ፥ በከብት ሰኮናና በሣር ጭነት ይጓዛል።

ለጤና ያለው ጠንቅ ፓርተኒን ከሚባለው በተክሉ ውስጥ ከሚገኘው ንጥረ ነገር ይመጣል። ይህ ንጥረ ነገር በተደጋጋሚ ከቆዳ ጋር ሲገናኝ የሰውነትን የመከላከል ኃይል ያስቆጣል። በመጀመሪያው ቀን ምንም ያልተሰማው ሰው በሌላ ጊዜ ሲነካው ቆዳው ይቀላል፥ ያብጣል፥ ያሳክካል፥ ይቆስላል። «እኔን አይነካኝም» የሚል ሰው ብዙውን ጊዜ ተራው ገና ያልደረሰ ነው። የአበባው ብናኝ ደግሞ ማስነጠስን፥ የዓይን ማሳከክንና አስም ላለበት ሰው የትንፋሽ ማጠርን ያመጣል። በህንድ አገር በፑኔ ከተማ አረሙ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ከታየ በኋላ በቀጠሉት ዓመታት ሐኪሞች ብዙ የቆዳ በሽተኞችን ማከም ግድ ሆኖባቸው ነበር። አረሙን የበላች ላም ወተቷ መራራ መሆኑንም የቆላ አርቢዎች ያውቁታል።

እንግዲህ መርዝ ከመግዛት በፊት ሣሩን መመልከት ያስፈልጋል። ቅንጨ አረም የሚገባው ሣር በሳሳበት፥ ፍየልና በግ እስከ ሥሩ በጋጡት፥ ወይም አጫጁ ከመሬት ጋር አስተካክሎ በላጨው ቦታ ነው። ሰርዶ ጥቅጥቅ ብሎ የያዘው መሬት ላይ ዘሩ ብርሃን አጥቶ ይቀራል። ስለዚህ ሣሩ ሲታጨድ ቢያንስ ጣት የሚያህል ቁመት ይቅርለት፤ ራሰ በራ የሆነው ቦታ ክረምቱ እንደ ገባ ይኮትኮትና የሰርዶ ሥር እየተቆራረጠ ይተከልበት። ወጪው የአንድ ቀን ጉልበት ነው። ይህን ሳያደርጉ መርዝ መርጨት ባዶውን መሬት ለሚቀጥለው የአረም ዘር ማዘጋጀት ነው፤ ብዙዎች የሚሳሳቱትም በዚህ ላይ ነው።

አረሙ ጥቂት ከሆነ መንቀል ይበቃል። የሚነቀለው ግን ከማበቡ በፊት፥ ከዝናብ በኋላ መሬቱ ሲለሰልስ፥ በጓንትና በመኮትኮቻ፥ እጅጌውና እግሩ ረጅም ልብስ በለበሰ አዋቂ ሰው ነው። ሕፃናትን፥ አስም ያለበትንና ከዚህ ቀደም ቆዳው የተቆጣበትን ሰው በዚህ ሥራ ማሰማራት ፈጽሞ አይገባም። የተማሪዎች ዘመቻ ለዛፍ ተከላ ወይም ለሰርዶ ተከላ ይሁን። በኢትዮጵያ አረሙን ብቻ የምትበላ ከሜክሲኮ የተገኘች ትንሽ ጥንዚዛ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በወለንጪቲ አካባቢ ተለቃለች፤ ይህ ተስፋ የሚሰጥ ሥራ ነው፤ ሆኖም የአንድን ትምህርት ቤት ሜዳ በአንድ ክረምት ያጸዳል ብሎ መጠበቅ አይቻልም።

ሜዳው ሰፊ፥ አረሙም ብዙ ሲሆን መርዝ ሊያስፈልግ ይችላል። በቆየ ሣር ውስጥ የሚረጨው በአብዛኛው ገበሬዎቻችን በስንዴና በጤፍ ላይ የሚጠቀሙበት ቱ ፎር ዲ የሚባለው ነው። ይህ መርዝ የተክልን የእድገት ንጥረ ነገር አስመስሎ የተሠራ ስለ ሆነ ሰፊ ቅጠል ያለው አረም ሥርዓት በሌለው እድገት ተጣሞ ይሞታል፤ ሥር የያዘ ሣር ግን ይቋቋመዋል። አዲስ የተዘራ ወይም የተተከለ ሣር ሦስት አራት ጊዜ እስኪታጨድ ድረስ አይረጭም። እንደ ማገጥ ያለ ሰፊ ቅጠል ያለው መሬት ሸፋኝ በተተከለበት ቦታም አይረጭም፤ እርሱም ከአረሙ ጋር አብሮ ይሞታልና እዚያ ያለው አማራጭ ጓንትና መኮትኮቻ ብቻ ነው። ግላይፎሴት የሚባለው ደግሞ ሣሩንም አረሙንም ሳይለይ ይገድላል። ሁለቱ በአንድ ሱቅ ጎን ለጎን ስለሚሸጡ የጠርሙሱን ጽሑፍ ሳያነቡ ገዝተው ሜዳቸውን ያደረቁ አሉ። በአዋጅ ቁጥር 674/2002 መሠረት ማናቸውም ፀረ ተባይ መመዝገብ ስላለበት፥ ያለ መለያ ጽሑፍ ተቀንሶ በላስቲክ የሚሸጠውን መግዛት አይገባም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2015 (እ.ኤ.አ.) ቱ ፎር ዲን በሰው ላይ ካንሰር ሊያመጡ ይችሉ ይሆናል ከሚባሉት መደብ ውስጥ ማስገባቱንም መምህራን ሊያውቁት ይገባል።

አብዛኛው ጉዳት የሚመጣው ከመጠን ነው። የመለያው ጽሑፍ ለምሳሌ ለአንድ ሄክታር አንድ ሊትር ቢል፥ ሄክታር 10,000 ካሬ ሜትር ስለ ሆነ ለ100 ካሬ ሜትር የሚደርሰው 10 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። 18 ሜትር በ9 ሜትር የሆነ የመረብ ኳስ ሜዳ ከ16 ሚሊ ሊትር እጅግም የሚበልጥ አይፈልግም። ይህ በዓይን ሲታይ ጥቂት ስለሚመስል እጅ «ትንሽ ልጨምርበት» ይላል። ከመጠን ያለፈው መርዝ ሣሩን ያቆስላል እንጂ አረሙን ሁለት ጊዜ አይገድለውም። ስለዚህ አስቀድሞ በንጹሕ ውኃ መለማመድ ያስፈልጋል። 10 ሜትር በ10 ሜትር የሆነ ቦታ ተለክቶ በተለመደው እርምጃ ይረጭና ስንት ሊትር ውኃ እንደ ፈጀ ይታያል። ሁለት ሊትር ከፈጀ፥ 15 ሊትር የሚይዘው በጀርባ የሚታዘል መርጫ 750 ካሬ ሜትር ያዳርሳል፤ የሚጨመርበትም መርዝ ከላይ በተሰጠው ምሳሌ መሠረት 75 ሚሊ ሊትር ይሆናል። የሒሳብ መምህር ይህን በክፍል ውስጥ ቢያሠራው መልካም ነው፤ መርዙ ራሱ ግን ክፍል ውስጥ አይግባ። መለኪያውም ለዚሁ ብቻ የተመደበ ይሁን፤ ከወጥ ቤት የመጣ ማንኪያ ወደ ወጥ ቤት መመለሱ አይቀርምና።

የሚረጭበት ጊዜ ተማሪዎች ለዕረፍት የሄዱበት ሐምሌ ቢሆን ይመረጣል፤ አረሙም ያን ጊዜ ገና በመሬት ላይ የተነጠፈ ለጋ ነው፤ ካበበ በኋላ መርዙ እምብዛም አይሠራበትም። ለቀጣዮቹ ጥቂት ሰዓቶች ዝናብ የማይጠበቅበት፥ ነፋስም የሌለበት ጠዋት ይመረጥ። በነፋስ የተወሰደ ጠብታ የጎረቤትን ቲማቲም፥ በርበሬና ጽጌረዳ ያጠፋል፤ በዚህ ምክንያት የተካሰሱ ጎረቤታሞችን እናውቃለን። የሚረጨው ሰው ጓንት፥ ቦቲ ጫማ፥ ሙሉ ቱታና የዓይን መነጽር ያድርግ፤ በተለይም ያልተበረዘውን መርዝ ሲቀዳ፥ አንዳንዱ ዓይንን ክፉኛ ይጎዳልና። የተዘጋ አፈ ሙዝ በአፍ አይነፋም። ሥራው ሲያልቅ ገላውን በሳሙና ይታጠብ፤ ልብሱም ከቤተ ሰቡ ልብስ ጋር አይታጠብ። ወደ ሜዳው መግባት በመለያው ላይ የተጻፈው ጊዜ እስኪያልፍ ድረስ ይከልከል፤ ይህም በቃል ሳይሆን በገመድና በጽሑፍ ይሁን።

በብዙ ትምህርት ቤቶች ሣሩ በየዓመቱ ታጭዶ ለከብት መኖ ይሸጣል፤ ለበዓልና ለቡና ሥነ ሥርዓት በየቤቱ የሚጎዘጎዘውም ሣር ከየሜዳው የሚታጨድ ነው። ሕፃን በጉዝጓዙ ላይ ይድሃል፥ ይተኛል፥ አንሥቶም ይጎርሳል። ላሚቱም የበላችውን ከወተቷ ጋር ልትሰጠን ትችላለች። መለያው ለግጦሽና ለአጨዳ የሚወስነው የጥበቃ ጊዜ ቢኖርም፥ እኛ ከዚህ ጠንከር ያለ ምክር እንሰጣለን። በዚያ ክረምት የተረጨ ሣር በዚያው ክረምት ለጉዝጓዝም ለመኖም አይታጨድ። ሣሩን ለመሸጥ የተዋዋለ ትምህርት ቤት ወይ ውሉን ይተው ወይ መርጨቱን ይተው። የእንቁጣጣሽ ሣር የሚያጭዱ ልጆች ብዙውን ጊዜ ፈቃድ ስለማይጠይቁ ዘበኛው ይህን አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባል።

የተረፈ መርዝ በምንም ምክንያት ወደ ሌላ ዕቃ አይገለበጥ። በራሱ ዕቃ ከነመለያው፥ ምግብና የከብት መኖ በሌለበት፥ በቁልፍ ይቀመጥ። ባዶው ጀሪካን ሦስት ጊዜ ታጥቦ እጣቢው ወደ መርጫው ይገባና በዚያው ሜዳ ላይ ይረጫል፤ ከዚያም ጀሪካኑ ይበሳል፤ ካልተበሳ ጠላ ወይም ውኃ ሲቀዳበት ይገኛል። እጣቢው ወደ ወንዝ ወይም ወደ ጉድጓድ ውኃ አይደፋ። መርዝ በቆዳ ላይ ቢፈስ ልብሱ ወልቆ በብዙ ውኃና በሳሙና ይታጠባል፤ ዓይን ውስጥ ቢገባ ቢያንስ ሩብ ሰዓት በንጹሕ ውኃ ይጠባል። የዋጠ ሰው ካለ በግድ ማስመለስ አይገባም፤ አንዳንዱ መርዝ በነዳጅ ዘይት የተበጠበጠ ስለ ሆነ ሲመለስ ወደ ሳንባ ይገባል። ወተት ማርከሻ ነው እየተባለ ጊዜ አይባክን፤ በሽተኛው ከነመርዙ ዕቃ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ይወሰድ፤ ሐኪሙ መለያውን ማንበብ አለበትና።

ከተረጨ በኋላ አረሙ በአንድ ጀምበር አይደርቅም። ግንዱ እየተጣመመ፥ ቅጠሉ እየተጠቀለለ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ይቆያል። ትዕግሥት የሌለው ሰው በሦስተኛው ቀን ደግሞ ይረጫል፤ ይህ መርዝ ማባከን ነው። ከአንድ ወር በኋላ የደረቀው በጓንት ተለቅሞ ይወገድና በሥፍራው ሰርዶ ይተከል። ዘሩ በመሬት ውስጥ ለዓመታት ስለሚቆይ በሚቀጥለው ዝናብ ጥቂቱ መብቀሉ አይቀርም፤ ያን ጊዜ ዘበኛው በየሁለት ሳምንቱ ሜዳውን ዞሮ ቢያይና አበባ ሳያወጣ በመኮትኮቻ ቢነቅለው መርጫውን ከዕቃ ቤት ማውጣት አያስፈልግም።