ግምት ዋጋና ቁርጥ ዋጋ፦ በበይነ መረብ ሸመታ ለሚነሡ ክሶች ስለሚያስፈልጉ ቃላት

«ሸመተ» የሚለው ግሥ በቀድሞ አገልግሎቱ ማናቸውንም ዕቃ መግዛትን አያመለክትም ነበር። የሚሸመተው እህል ነው፤ ጎተራው የጎደለበት ቤተሰብ ቀለቡን ከገበያ ሲያመጣ ሸመተ ይባላል። የሕግ አርቃቂዎች በኋላ ቃሉን አስፍተው፣ ለራሱ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ ዕቃም ሆነ አገልግሎት የሚገዛውን ሁሉ «ሸማች» አሉት፤ በ2002 ዓ.ም. በወጣው የንግድ አሠራርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ርእስ ላይም ሰፍሯል። ዛሬ የምግብ ሸቀጥ በበይነ መረብ ታዝዞ እስከ ደጅ ሲመጣ «የበይነ መረብ ሸመታ» ብንል፣ ቃሉ ወደ ጥንት ቤቱ ተመለሰ ማለት ነው። ስለዚህ በግብይቱ ስም ላይ ብዙ መከራከር አያሻም።

የሚያከራክረው የዋጋው ስም ነው። ከእንዲህ ያለ ሸመታ የሚነሣውን ክስ በአማርኛ ለመግለጽ ቀድሞ የሚታሰበው «ኢፍትሐዊ ዋጋ» የሚለው ስያሜ ነው። እኛ ግን ይህ ስያሜ የክሱን ጭብጥ ይሰውራል እንላለን፤ አንባቢው ነገሩን «ዕቃው ተወደደብን» የሚል ተራ አቤቱታ አድርጎ ይረዳዋልና።

ለምሳሌ ያህል እ.ኤ.አ. በ2011 በሰሜን ካሊፎርኒያ የፌዴራል ፍርድ ቤት በሴፍዌይ ኩባንያ ላይ የተከፈተውን ክስ እንመልከት። ኩባንያው በድረ ገጹ ለተመዘገቡ ደንበኞች ባቀረበው የውል ቃል፣ ትእዛዝ ሲሰጥ የሚታየው ዋጋ ግምት ብቻ እንደ ሆነ ገልጾ ነበር። የመጨረሻው ሒሳብ የሚታወቀው ዕቃው በሚላክበት ቀን ነው፤ ለዚህም መለኪያ ሆኖ የተጠቀሰው የመደብሩ ዋጋ ነበር። ይሁን እንጂ ከ2010 ጀምሮ በበይነ መረብ ለሚያዙት ብቻ በመደብሩ ዋጋ ላይ ጭማሪ ይደረግ ነበር። ፍርድ ቤቱ በ2014 ውሉ ተጥሷል ሲል ወሰነ፤ በ2015 የተወሰነው ካሣ ከነወለዱ 42 ሚሊዮን ዶላር ያህል ደረሰ፤ የይግባኝ ፍርድ ቤቱም በ2017 ውሳኔውን አጸና። የክሱ መሠረት የዋጋው ከፍተኛነት ሳይሆን ከተሰጠው ቃል መለየቱ እንደ ነበረ ልብ ይሏል።

ይህን ልዩነት ለመግለጽ ገበያችን የቆየ ቃል አለው። ሻጭ መጀመሪያ ዋጋ ይጠራል፤ ገዢው «ቁርጡን ንገረኝ» ይላል፤ ዋጋው ከተቆረጠ በኋላ መጨመር ነውር ነው። ስለሆነም በማዘዣው ገጽ ላይ የሚታየውን «ግምት ዋጋ»፣ ሒሳቡ የሚዘጋበትን «ቁርጥ ዋጋ»፣ በሁለቱ መካከል ሳይነገር የገባውን ደግሞ «ስውር ጭማሪ» እንድንል ሐሳብ እናቀርባለን። በሱቅ በር ላይ «ቁርጥ ዋጋ» ተብሎ ሲጻፍ ክርክር የለም ማለት እንደ ሆነ እናውቃለን፤ በሥጋ ቤት ቁርጥ ምን እንደ ሆነም አንዘነጋም። ዐውዱ ግን ይለያቸዋል። «ኢፍትሐዊ» የሚለው ቃል ሕግ አውጪው ራሱ ለተጠቀመበት ቦታ ይቆይ።

«የጋራ ክስ» የሚለው ስያሜም ማስጠንቀቂያ ይፈልጋል። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን በአንቀጽ 38 አንድ ሰው በብዙዎች ስም እንዲከስ ሲፈቅድ፣ ሁሉም በውክልናው መስማማታቸውን ፍርድ ቤቱ እንዲረዳ ይጠይቃል። ከላይ እንደ ጠቀስነው ባለ የአሜሪካ የካሣ ክስ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ማስታወቂያ ተልኮለት ዝም ያለ ሸማች በክሱ ውስጥ እንዳለ ይቆጠራል፣ ፍርዱም ያስረዋል። በዋሽንግተን ወይም በሎስ አንጀለስ የሚኖር አማርኛ አንባቢ «የክስ ማስታወቂያ» የሚል ደብዳቤ ቢደርሰው የተከሰሰው እርሱ ራሱ መስሎት ሊደነግጥ፣ ወይም ሳያነበው ሊያስቀምጠው ይችላል። ከዚህ የተነሣ ተርጓሚው በርእሱ ላይ «በእርስዎም ስም የቀረበ የጋራ ክስ» ብሎ እንዲጽፍ እንመክራለን። «መርጦ መውጣት» የሚለውን ጥሬ ትርጉም ትቶ «ከክሱ መውጣት» ይበል። የዝምታውን ውጤት ግን በአንድ ስያሜ ለመወሰን አይሞክር፤ በሙሉ ዐረፍተ ነገር፣ ከመውጫው ቀን አጠገብ ይጻፈው።