ከውሃው በፊት የሚመጣው አየር

በአዲስ አበባ ፒያሳ፣ ጊዮርጊስ አካባቢ ውሃ በፈረቃ የሚጠብቅ ቤት ሁሉ ድምፁን ያውቀዋል። ሌሊት ክፍት የተተወ ቧንቧ መጀመሪያ ሽው ይላል፤ ቀጥሎ ይንተፋተፋል፤ ከዚያ ቡናማ ውሃ ያወርዳል፤ ቆይቶ ይጠራል። የሚጠጣው የሚቀዳው ከጠራ በኋላ ነው፤ ቡናማው ለወለል ማጠቢያ ይቀመጣል። ልማዱ ጥሩ ነው፤ እንዲቀጥልም እመክራለሁ። ቡናማው ግን ባብዛኛው የቱቦው ዝገት ነው፤ ልብስ ያበላሻል እንጂ ሰው አልጋ ላይ አይጥልም። የሚያሳስበኝ ከሱ ቀድሞ የወጣው አየር ነው።

አየሩ እንዴት ገባ? ጊዮርጊስ ከፍታ ላይ ነው፤ ከሱ በታች ቸርችል ጎዳና ቁልቁል እስከ ለገሃር ይወርዳል። መስመሩ ሲዘጋ በቱቦው ውስጥ የቀረው ውሃ ዝቅ ወዳሉት ቤቶች ይሄዳል፤ የታችኛው ሰው ቀድቶ ይጨርሰዋል። ውሃው ሲወርድ ከኋላው ባዶ ቦታ ይተዋል፤ ባዶው ደግሞ ያገኘውን ይስባል። ክፍት ቧንቧ ካገኘ አየር ይስባል። በረጠበ አፈር ውስጥ የተቀበረ የላላ መገጣጠሚያ ወይም የተሰነጠቀ ቱቦ ካገኘ የአፈሩን ውሃ ይስባል። ውሃ ሲኖር የሚያፈስ ቀዳዳ ውሃ ሲጠፋ ይጠጣል። ዲናሞ በቀጥታ መስመሩ ላይ የሚገጥሙ ቤቶች ደግሞ ነገሩን ያብሱታል፤ የራሳቸውን ሮቶ ሲሞሉ በጎረቤት መስመር ላይ ያለውን ግፊት ይመጥጡታል።

እንግዲህ ጥያቄው በዚያ አፈር ውስጥ ምን አለ የሚለው ነው። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት የፒያሳን ብዙ ክፍል አፍርሶ ለውጦታል። በየቦታው በቀሩት አሮጌ ጊቢዎች ግን የውሃው ቱቦ፣ የዝናቡ ቦይና የጋራው ሽንት ቤት በአንድ ጠባብ መተላለፊያ ጎን ለጎን ናቸው። ብዙው ጉድጓድ ግድግዳውና ወለሉ ስላልተለሰነ ፈሳሹን መሬት ይጠጣዋል። በመጣጭ መኪና የሚወጣው መሬት ያልጠጣው ነው።

እዚህ ላይ ለአፈሩ ጥብቅና መቆም እፈልጋለሁ፤ ስሙ ያለአግባብ ይጠፋል። አንድ ግራም ጤነኛ አፈር እስከ ቢሊዮን የሚደርሱ ባክቴሪያዎች ይኖሩበታል፤ አብዛኞቹ ለሰው ምንም አይደሉም። ከሰው አንጀት የወጣ ባክቴሪያ እዚያ ሲወድቅ እንግዳ ነው። የለመደው 37 ዲግሪ ሙቀት፣ የማያልቅ ምግብና አየር የማይገባበት ጨለማ ነበር። የአዲስ አበባ አፈር ይቀዘቅዛል፤ ምግቡን ነባሮቹ ይዘውታል፤ ባክቴሪያ እያደኑ የሚውጡ ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረታትም ይጠብቁታል። ላዩ ላይ ከቀረ ፀሐይና ድርቀት ይጨርሱታል። ስለዚህ አብዛኛው በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ያልቃል። ከጉድጓዱ ሥር ጥቂት ሜትር ደረቅ አፈር ካለ፣ ከማጣሪያ የማያንስ ሥራ ይሠራልናል፤ ያውም ያለ ክፍያ።

ሁሉም ግን እኩል አይሞቱም። የወስፋት እንቁላል ቅርፊቱ ወፍራም ነው፤ እርጥብና ጥላ ያለው አፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ቫይረሶች በጣም ትንንሽ ስለሆኑ ባክቴሪያ በሚያዝበት የአፈር ቀዳዳ ሾልከው ያልፋሉ። ክረምት ሲገባ ደግሞ የአፈሩ ቀዳዳ ሁሉ በውሃ ይሞላል። በበጋ ቀስ ብሎ ይንጠባጠብ የነበረው ፈሳሽ በሐምሌ ከዝናቡ ጋር ይሮጣል፤ አዳኞቹ ሳይደርሱበት ቱቦው ዘንድ ይደርሳል። ከራስ መኮንን ድልድይ ሥር በሚያልፈው ወንዝ ላይም ተመሳሳይ ነገር ይሆናል። በበጋ የገባበት ቆሻሻ ከታች ደለሉ ላይ ይተኛል፤ ደለል ጥላና ምግብ ስለሚሰጥ ባክቴሪያው ከውሃው ይልቅ እዚያ ረዘም ላለ ጊዜ ይኖራል። የመጀመሪያው ኃይለኛ ጎርፍ ደለሉን ሲያገላብጠው የወራቱ ክምችት ባንድ ቀን ወደ አቃቂ ይወርዳል። በአቃቂ ዳር ሰላጣና ቆስጣ በዚያው ውሃ ይለማል፤ አትክልት ተራ ከጊዮርጊስ አጠገብ በነበረበት ዘመን ከላይ የወረደው ቆሻሻ በእንዲህ ያለ ሰላጣ ተመልሶ ወደ ፒያሳ ሊወጣ ይችል ነበር። በ2008 ዓ.ም. አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት፣ በአጭሩ አተት፣ አዲስ አበባ የገባውም በዚሁ ወቅት፣ በክረምት መግቢያ ነበር።

ወደ ቧንቧው እንመለስ። ከገፈርሳ፣ ከለገዳዲ ወይም ከድሬ ግድብ የሚመጣው ውሃ ተጣርቶ ክሎሪን ተጨምሮበት ይወጣል። የክሎሪኑ ትርፍ መንገድ ላይ የሚገባውን ለመግደል የታሰበ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ቧንቧው ጫፍ ላይ በሊትር ቢያንስ 0.2 ሚሊግራም እንዲቀር ይመክራል። ችግሩ ክሎሪን ጀርምን ከጭቃ አለመለየቱ ነው፤ ያገኘውን ሁሉ ያጠቃል። ባዶ ቱቦ ውስጥ ጭቃ ውሃ ከገባ፣ ክሎሪኑ በጭቃው ላይ ያልቅና ለጀርሙ ሳይተርፍ ይቀራል። በ2013 እ.ኤ.አ. ኤሚሊ ኩምፐልና ካራ ኔልሰን በህንድ ሁብሊ-ዳርዋድ ከተማ አጥንተው ያሳተሙት ሥራ ይህን በግልጽ አሳይቷል። ውሃ ሳይቋረጥ በሚደርሳቸው ቤቶች ኢ-ኮላይ የተገኘበት ናሙና ከመቶ አንድ እንኳ አልሞላም። በዚያው ከተማ ውሃ በፈረቃ በሚደርሳቸው ቤቶች ግን ከሦስት ናሙና አንዱ ገደማ ተበክሎ ተገኘ።

ኢ-ኮላይ ማን ነው? ሐኪሙ ቴዎዶር ኤሸሪኽ በ1885 እ.ኤ.አ. ከሕፃናት ሰገራ ለይቶ ያወጣው ባክቴሪያ ነው። አብዛኛው ዓይነቱ ሰውን አያሳምምም፤ በሁላችንም አንጀት አለ። በአንጀት ካሉት ባክቴሪያዎች መካከል ቁጥሩ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም፤ ነገር ግን አየር ባለበትም በሌለበትም ስለሚኖርና በቤተ ሙከራ ቶሎ ስለሚራባ ለመቁጠር ይመቻል። መርማሪው 100 ሚሊሊትር ውሃ በስስ ወንፊት ያሳልፋል፤ ወንፊቱን ምግብ ባለበት ሳህን ላይ አድርጎ 44 ዲግሪ አካባቢ ያሳድረዋል። በማግስቱ የበቀሉትን ነጠብጣቦች ይቆጥራል። ለመጠጥ ውሃ የሚፈቀደው ዜሮ ነው። አንድ እንኳ ከተገኘ ሰገራ ወደ ውሃው መንገድ አግኝቷል ማለት ነው፤ ታይፎይድም በዚያው መንገድ መምጣት ይችላል።

የዚህ ምርመራ ድክመት ግን ለአዲስ አበባ ሰው በተለይ ሊነገረው ይገባል። ክሎሪን ኢ-ኮላይን በቀላሉ ይገድላል። ጃርዲያን ግን፣ ከስንቱ ሰው የምንሰማውን ያንን ጃርዲያ፣ ለመግደል ብዙ ክሎሪንና ረጅም ጊዜ ያስፈልጋል፤ ከሰውነት ውጭ ሲኖር ጠንካራ ሽፋን አለውና። ስለዚህ የኢ-ኮላይ ውጤት ዜሮ ሆኖ ጃርዲያው በሕይወት ሊኖር ይችላል። የአፈር ውስጥ ኢ-ኮላይም ያሳስታል፤ በሐዋይ የተደረጉ ጥናቶች በሞቃታማ አገር አፈር ውስጥ አዲስ ሰገራ ሳይጨመርበት ራሱን ችሎ እንደሚራባ አሳይተዋል። ወንዝ ዳር የተገኘ ቁጥር ሁሉ የዛሬ ሰገራ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም፤ ከሰው ብቻ የሚወጡ ሌሎች ባክቴሪያዎችን በዘረ-መል መፈለግ ያስፈልጋል።

እቤት ምን ይደረግ? ጃርዲያን ጨምሮ ሁሉንም የሚጨርስ ማፍላት ነው። ጊዮርጊስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍ ስለሚል ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ እሱም ከበቂ በላይ ነው። ከተንተከተከ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይቆይ፤ ከዚያ በላይ ከሰል ማባከን ነው። እንደ ውሃ አጋር ያለ ክሎሪን የሚጠቀም ሰው ውሃውን መጀመሪያ ያጥልል፣ ከዚያ ይጨምር፣ ግማሽ ሰዓት ይጠብቅ። ሰላጣ በአቼቶ መንከር ባክቴሪያውን ይቀንሳል፤ የወስፋት እንቁላል ግን በአቼቶ አይሞትም፣ ቅጠል በቅጠል በሚፈስ ንጹሕ ውሃ እየታሸ መታጠብ አለበት። የተፈላው ውሃ አፉ ጠባብ በሆነ ጀሪካን ይቀመጥና እየተዘነበለ ይቀዳ። በጣሳ ከተጠለቀ እጅ ይነካዋል፤ ድካሙም ከንቱ ይሆናል።

ጣት መቀሰር ካለብኝ ግን የምቀስረው በእናቶች ጣሳ ላይ ሳይሆን በቱቦው ላይ ነው። ስለ ውሃ ሲወራ ሁልጊዜ የሚነሳው የአዲስ ግድብና የአዲስ የውሃ ጉድጓድ ነገር ነው። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ቀጭን ውሃ የሚያወርድ መስመር፣ በሳምንት ሁለት ሌሊት እየደነፋ መጥቶ ከሚጠፋ መስመር ይልቅ ንጹሕ ነው፤ ግፊት ያለው ቱቦ ያፈሳል እንጂ አይጠጣም። ስለዚህ በመተላለፊያው ውስጥ የሚያንጠባጥበውን መገጣጠሚያ መጠገን፣ ዲናሞን ከመስመሩ አንስቶ ከሮቶ ላይ መግጠም፣ ቱቦውን ከሽንት ቤቱ ጉድጓድ አርቆና ከፍ አድርጎ መቅበር የጤና ሥራ ነው፤ በጀቱም በጤና ሥራ ልክ ሊያዝለት ይገባል።