ቀረሶና አምባዛ በአንድ ኩሬ፡ ዓሦችን አብሮ ለማርባት ምን ማወቅ ያስፈልጋል?

በጓሯቸው ኩሬ ቆፍረው ዓሣ ማርባት የጀመሩ አርሶ አደሮችን ደጋግመው የሚያጋጥሟቸው ሁለት ችግሮች አሉ። አንዳንዱ ቀረሶ ብቻ ይጨምርና ከወራት በኋላ መረቡን ሲጎትት ከጣት እምብዛም የማይበልጡ እልፍ ዓሦችን ያገኛል፤ ለገበያ የሚበቃው ግን ጥቂት ነው። ሌላው ደግሞ ቀረሶና አምባዛን በአንድ ቀን በዘፈቀደ ቀላቅሎ ይጨምራል፤ በመጨረሻ የሚያወጣው ጥቂት የሰቡ አምባዛዎችን ብቻ ይኾናል። ሁለቱም ለፍተዋል፤ መኖም አውጥተዋል። ስህተቱ ያለው የትኛው ዓሣ ከየትኛው ጋር፣ በምን መጠንና መቼ ወደ ኩሬው እንደገባ በሚወስነው ምርጫ ላይ ነው።

ቀረሶ፣ በሌላ ስሙ ቲላፒያ፣ ለኩሬ የተፈጠረ የሚመስል ዓሣ ነው። ውኃውን አረንጓዴ የሚያደርጉትን ደቃቅ እጽዋት ይመገባል፤ ፍግ የተጨመረበት ኩሬ ከሞላ ጎደል ምግቡን ራሱ ያዘጋጅለታል። ችግሩ የሚመጣው ከመራባቱ ነው። እናቲቱ እንቁላሎቿን በአፏ ይዛ ታስፈለፍላለች፤ የተፈለፈሉት ጫጩቶችም አደጋ ሲመጣ ተመልሰው ወደ አፏ ይገባሉ። በዚህ ጥበቃ ምክንያት ከሌሎች ብዙ ዓሦች ይልቅ የቀረሶ ጫጩቶች በሕይወት የመትረፍ ዕድላቸው ከፍተኛ ነው። ሞቃት በኾነ ውኃ ውስጥ ቀረሶ ገና በወራት ዕድሜው መራባት ይጀምራል፤ ከዚያም ደጋግሞ ይራባል። ለአራት መቶ ዓሣ የተዘጋጀ ምግብ ለሺዎች ይከፋፈላል፤ ሁሉም ይቀጭጫል።

አምባዛ የሚፈለገው እዚህ ላይ ነው። ቅርፊት የሌለው፣ እንደ ድመት ጺም ያለው፣ በአብዛኛው ሌሊት የሚመገብ ዓሣ ነው። አፉ የሚችለውን ሁሉ ይበላል፤ የቀረሶን ጫጩት ደግሞ በሚገባ ይችላል። በቆመ የኩሬ ውኃ ውስጥ እንደ ቀረሶ በቀላሉ ስለማይራባ ራሱ ሌላ መጨናነቅ አይፈጥርም። ስለዚህ ትርፍ ጫጩቶችን ወደ ሥጋ እየለወጠ ለትልልቆቹ ቀረሶዎች ቦታና ምግብ ያተርፋል።

ይህ የሚሠራው ግን የመጠን ልዩነቱ ሲጠበቅ ነው። ጎረቤታሞች የሚኾኑትና የማይኾኑት በዝርያቸው ብቻ ተለይተው አይደለም፤ የአንዱ አፍ ከሌላው አካል ጋር ያለው ልክ ይወስናል። ትልቅ አምባዛ ትንሽ ቀረሶ ወዳለበት ከገባ የሚበላው ትርፉን ሳይኾን ዋናውን ነው። ስለዚህ ቀረሶው ቀድሞ ይገባል፤ መራባት ጀምሮ ጫጩቶች በኩሬው ጠርዝ መታየት ሲጀምሩ ከቀረሶዎቹ ያነሱ አምባዛዎች ይከተላሉ። በፍግና በጥቂት ተጨማሪ መኖ ለሚያዝ ኩሬ በአንድ ካሬ ሜትር ሁለት ቀረሶ፣ ለአሥር ቀረሶ ደግሞ አንድ አምባዛ ጥሩ መነሻ ነው። 10 በ20 ሜትር ለኾነ ኩሬ 400 ቀረሶና 40 አምባዛ ማለት ነው። አምባዛዎቹ እርስ በርስም ስለሚበላሉ በመጠን ተቀራራቢ የኾኑትን መምረጥ ይገባል።

በምርት መሰብሰቢያ ጊዜ የሚዘነጋ አንድ ነገር አለ። አምባዛ ከአየር በቀጥታ መተንፈስ ስለሚችል ውኃው ከተንጠፈጠፈ በኋላም በጭቃው ውስጥ ይቆያል። አንድ ሁለቱ ተደብቀው ከቀሩ ለቀጣዩ ዙር የሚገቡትን ጫጩቶች ይጨርሳሉ፤ አርሶ አደሩ ግን ጫጩቱን በሸጠለት ሰው ላይ ያማርራል። ኩሬውን እስከ ጭቃው መፈተሽና ማድረቅ ይኽንን ያስቀራል። የአተነፋፈሱ ልዩነት በሌላም መንገድ ይጠቅማል። አምባዛ አልፎ አልፎ ወደ ላይ ብቅ ቢል ልማዱ ነው። ቀረሶዎች ማለዳ ላይ በውኃው ገጽ ተሰብስበው አፋቸውን ሲከፋፍቱ ከታዩ ግን በውኃው ውስጥ ያለው ኦክስጅን አንሷል፤ ፍግ መጨመሩን አቁሞ ንጹሕ ውኃ ማስገባት ያስፈልጋል።

የአየር ጠባዩም ምርጫውን ይወስናል። ቀረሶ በደንብ የሚያድገው ውኃው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲኾን ነው፤ ከ20 በታች ሲወርድ ዕድገቱ ይዳከማል፤ መራባቱም ይቆማል። ለቆላና ለወይና ደጋ የተመከረው ጥምረት እንደ ደብረ ብርሃን ላለ ቀዝቃዛ ደጋ ላይስማማ ይችላል። ቅዝቃዜን በተሻለ የሚችለው ካርፕ ነው። ይኹንና ካርፕ ምግቡን ከጭቃ ውስጥ እየቆፈረ የሚፈልግ ስለኾነ ውኃውን ያደፈርሳል፤ የኩሬውንም ጠርዝ ይሸረሽራል። ከዚህም በላይ የሀገራችን ተወላጅ ዓሣ አይደለም።

በከተማ በመኖሪያ ቤትና በሆቴል በመስታወት ገንዳ፣ ማለትም በአኳሪየም፣ ዓሣ የሚያኖሩ ሰዎችም የሚጠይቁት ጥያቄ ተመሳሳይ ነው። ወርቃማው ዓሣ ቀዝቀዝ ያለ ውኃ ይወዳል፤ ጉፒና ኒዮን ቴትራ ሞቅ ያለ ይፈልጋሉ። ትንንሾቹን ሽሪምፖች ከወርቃማ ዓሣ ጋር ማኖር ደግሞ ለዓሣው ምሳ ማቅረብ ነው። ከጉፒ ጋር ትልልቆቹ ሽሪምፖች ይኖራሉ፤ ለጫጩቶቻቸው መደበቂያ የሚኾን ጥቅጥቅ ያለ የውኃ ተክል ግን ያስፈልጋል።

በጣና ዙሪያ ለሚኖሩ አርቢዎች ምርጫው ከኩሬው አጥር አልፎ ይሄዳል። ጣና በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኙ ከ15 የማያንሱ የባርበስ ዝርያዎች መኖሪያ ነው፤ የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው ዓባይ ዓሦች ለይቶ አቆይቷቸዋል። ከእነርሱ ብዙዎቹ በክረምት እንደ ጉማራና ርብ ባሉ ወንዞች ሽቅብ ወጥተው ይራባሉ። ከውጭ የመጣ ዓሣ በጎርፍ አምልጦ ወደ እነዚህ ወንዞች ቢገባ የሚመልሰው የለም። በቪክቶሪያ ሐይቅ ከ1950ዎቹ ጀምሮ በሰው እጅ የገባው የናይል ፐርች ትልቅ የንግድ ዓሣ ኾኗል፤ የሐይቁ ተወላጅ የነበሩ በርካታ ትንንሽ ዝርያዎች ግን በአብዛኛው በእርሱ ምክንያት ጠፍተዋል።

ስለዚህ በሐይቁና በገባር ወንዞቹ አካባቢ የአካባቢውን ቀረሶና አምባዛ መምረጥ፣ የኩሬውን የውኃ መግቢያና መውጫ በጠባብ ወንፊት መዝጋት፣ ኩሬውን ጎርፍ ከሚደርስበት ቦታ ማራቅ ይገባል። ከመስታወት ገንዳ የተረፈን ዓሣም ወደ ወንዝ መልቀቅ አይገባም። ጫጩት ከየት እንደመጣ ሳያውቁ ከገበያ ከመግዛት ይልቅ በባሕር ዳር የሚገኘውን የዓሣ ምርምር ማዕከል ወይም የወረዳውን የእንስሳትና ዓሣ ባለሙያ ቀድሞ ማማከር ይሻላል። ባለሙያውን ሲያማክሩ የኩሬውን ስፋት፣ ጥልቀትና የማለዳውን የውኃ ሙቀት ለክቶ መሄድ ምክሩን ያፋጥነዋል።