የኋላ ወንበሩ እንግዳ

የትምህርት ክፍል ተጠሪው ቅጹን ይዞ ከኋላ ተቀምጧል። የእንግሊዝኛ መምህርቷ ሰሌዳው ላይ ሰዋስው ትጽፋለች፤ ከስድሳ የሚበልጡ ተማሪዎች አቀርቅረው ይገለብጣሉ። ኮሽታ የለም። ተጠሪው «የክፍል አያያዝ» በሚለው ረድፍ «በጣም ጥሩ» ላይ ምልክት ያደርጋል። እንዲህ ያለው ትዕይንት ለኢትዮጵያ መምህራን እንግዳ አይደለም። አንድም ተማሪ በእንግሊዝኛ አፉን ሳይከፍት ክፍለ ጊዜው ማለቁን ግን የሚመዘግብበት ረድፍ ቅጹ ላይ የለም።

አሜሪካዊው ተመራማሪ ኔድ ፍላንደርስ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ያስፋፉት የምልከታ ዘዴ ቆጠራ ነበር። ተመልካቹ በየ3 ሰከንዱ የሚሆነውን ከ10 መደቦች በአንዱ ይመዘግባል፤ 7ቱ የመምህሩ ንግግር፣ 2ቱ የተማሪው፣ የመጨረሻው «ዝምታ ወይም ግርግር»። ከክፍለ ጊዜው ሁለት ሦስተኛው በንግግር እንደሚያልፍ፣ ከዚያም ውስጥ ሁለት ሦስተኛው የመምህሩ እንደሆነ አገኙ።

ዝምታና ግርግር በአንድ ቁጥር መታጨቃቸው ለቋንቋ መምህር ያስቃል። ዘዴውን ለውጭ ቋንቋ ክፍል ያመቻቹት ገርትሩድ ሞስኮዊትዝ ሁለቱን ለያዩ። ግርግሩንም ከሁለት ከፈሉት፤ አንዱ ተማሪዎች ለመመለስ ሲሻሙ የሚነሳው የሥራ ጫጫታ፣ ሌላው ከትምህርቱ ውጭ የሆነው። ለሳቅም የራሱን መደብ ሰጡት። ከኮሪደር ሲሰማ ሁሉም ያው ጫጫታ ነው፤ ርዕሰ መምህሩ በር የሚያንኳኳውም ለዚህ ነው።

ዝምታውም ቢሆን አንድ ዓይነት አይደለም። ተመራማሪዋ ሜሪ በድ ሮው የሳይንስ ክፍሎችን ሲያጠኑ፣ መምህራን ጠይቀው አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ እንደሚታገሡ አስተዋሉ። ትዕግሥቱ 3 ሰከንድ ሲደርስ የተማሪዎቹ መልስ ረዘመ፣ «አላውቅም» የሚሉትም ቀነሱ። ጥያቄውን በባዕድ ቋንቋ ሰምቶ፣ በራሱ ቋንቋ አስቦ፣ መልሱን መልሶ በባዕድ ቋንቋ ለሚያዋቅር ልጅ ሦስቱም ሰከንድ ያንሳሉ። እ.ኤ.አ. በ2004 ወደ ኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባውን የፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርት የተማረ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ቴሌቪዥኑ በእንግሊዝኛ ይጠይቅ፣ ጥቂት ይጠብቅ፣ መልሱን ራሱ ይናገርና ያልፍ ነበር። አጠገቡ የቆመው መምህር ሊያቆመው አይችልም ነበር።

ተማሪው ይናገር ከተባለ ግን ስድሳውን ማን ይይዛል? ተመራማሪው ጃኮብ ኩኒን ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምሩ ጋዜጣ ያነብ የነበረ አንድ ተማሪ ገሠጹ፤ ያልተገሠጹትም ተስተካክለው ተቀመጡ። ነገሩ አስገርሟቸው ምርምር ጀመሩ። በኋላ ክፍሎችን በቪዲዮ ቀርጸው ሲያጠኑ፣ የተረጋጋውን ክፍል ከተረበሸው የሚለየው የቁጣው ዓይነት ሆኖ አልተገኘም። የሚለየው መምህሩ አስቀድሞ የሚያደርገው ነው፤ ሰሌዳ ላይ እየጻፈም ከጀርባው የሚሆነውን እንደሚያውቅ ማሳየቱ፣ ከአንድ ሥራ ወደ ሌላው ሲሸጋገር አለመንዛዛቱ። በአንድ ዴስክ ሦስት ሆነው ለተቀመጡ ልጆች ውይይት ሲሰጥ፣ ማን ከማን ጋር፣ ስለ ምን፣ ለስንት ደቂቃ የሚለው ወሬው ከመጀመሩ በፊት መነገር አለበት። ከተጀመረ በኋላ የሚሰማ የለም።

ወደ ኋላ ወንበሩ እንመለስ። ተመልካች ውጤት ሰጪ ሆኖ ሲመጣ መምህሩ የተለማመደውን ትምህርት ያሳያል፤ ጎበዞቹ ብቻ ይጠየቃሉ። ይህን የሚያጋልጥ ቀላል ወረቀት አለ። ተመልካቹ የመቀመጫውን ንድፍ ይስላል፤ አንድ ተማሪ በተናገረ ቁጥር በቦታው ላይ ጭረት ያደርጋል። ብዙውን ጊዜ ጭረቱ የሚከማቸው ከፊትና ከመሃል ነው። ነጩ ወረቀት የሚሰፋው ከኋላ፣ ራሱ ተመልካቹ በተቀመጠበት ረድፍ ነው።