የውሃ ቧንቧን ከውርጭ ስለ መጠበቅ

ፈረንጆች ክረምት ሲሉ የበረዶና የብርድ ወራት ማለታቸው ነው፤ በእኛ አገር ግን ክረምት የዝናም ወራት ነውና፥ ብርቱው የሌሊት ብርድ የሚመጣው ሰማዩ በሚጠራበት በበጋ፥ ይልቁንም ከኅዳር እስከ ጥር ነው። በክረምት ደመናው እንደ ጋቢ ሆኖ የምድርን ሙቀት ይዞ ያድራል፤ በበጋ ግን ምድር ራቁቷን ስለምታድር ሙቀቷ ወደ ሰማይ ያመልጣል። ስለዚህ የቀኑን ፀሓይ አይቶ ቧንቧውን የዘነጋ ሰው ይታለላል።

ከዓባይ በረሓ ላብ እያጠመቀው አቀበቱን የወጣ መንገደኛ ደጀን ሲያድር ብርድ ልብስ ይጠይቃል። ከተማይቱ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ አላት፤ ወንዙ ከእርስዋ ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ይፈሳል። በደጀን በየዓመቱ ቧንቧ ይፈነዳል ማለታችን አይደለም። ነገር ግን ወደ ጮቄ ተራራ በቀረብን መጠን ውርጩ እየበረታ ይሄዳል፤ በሜዳውም ቢሆን ቀዝቃዛ አየር እንደ ውሃ ወደ ረባዳ ይወርዳል። ውርጭ የትኛውን ማሳ አስቀድሞ እንደሚመታ ባላገሩ ከእኛ ይልቅ ያውቃልና፥ ቧንቧ የሚዘረጋ ሰው እርሱን ቢጠይቅ ይጠቀማል።

ውሃ ወደ በረዶ ሲለወጥ መጠኑ ከመቶ 9 እጅ ያህል ይጨምራል። በረዶው ቧንቧውን ሲደፍነው፥ በበረዶውና በተዘጋው አፍ መካከል የታሰረው ውሃ መውጫ አጥቶ ቧንቧውን ይሰነጥቀዋል። ጉዳቱ የሚታወቀው ግን በረዶው ሲቀልጥ፥ ረፋድ ላይ ነው፤ ያን ጊዜ በበጋ በስንት ጥበቃ የተገኘው ውሃ በግቢው ሲፈስ፥ ቆጣሪው መቁጠሩን አይተውም።

ከሁሉ የሚሻለው መከላከያ አፈር ነው። አንድ ክንድ ያህል ተቆፍሮ የተቀበረ ቧንቧ ከአገራችን ውርጭ ይድናል፤ ፕላስቲክም ቢሆን ፀሓይ አያደርቀውም፥ የመኪና ጎማም አይጨፈልቀውም። ከመሬት በላይ የቀረውን፥ ይኸውም ቆጣሪውንና ከሮቶ የሚወርደውን ቧንቧ፥ በደረቅ ጭድና በጆንያ ጠቅልሎ በላዩ ላስቲክ ማልበስ ነው። ጆንያው ከራሰ ብርድ አይከለክልም።

በመንገድ ዳር ሆቴልና ምግብ ቤት ያላችሁ ደግሞ፥ በደጅ ያለውን የእጅ መታጠቢያ ማታ ከመነሻው ዝጉትና በውስጡ የቀረውን ውሃ በባልዲ ተቀበሉ፤ ለጧት ቡና ይሆናል። በብርድ አገር ሰዎች ቧንቧው ጠብ ጠብ ሲል እንዲያድር ይተዉታል። ውሃ በፈረቃ ለሚደርሰው ቤት ግን ይህን አንመክርም።

ቧንቧው ረግቶ ካደረ፥ አስቀድሞ መነሻውን መዝጋት፥ የቧንቧውን አፍ መክፈት፥ ከዚያም ከአፉ ጀምሮ በሞቀ ውሃ የተነከረ ጨርቅ እየጠመጠሙ ወደ ውስጥ መሄድ ነው። ችቦም ሆነ ፍም አታስጠጉ፤ ፕላስቲኩ ይቀልጣል፥ እሳቱም ለቤቱ ያሰጋል። የሚያቻኩል ሥራ ከሌለ ፀሓይዋ እስክትሞቅ መጠበቅ ይበቃል።