ሰዓቱ «172» ሲለኝ ኑዛዜ ጀመርኩ!

የዛሬው ጨዋታዬ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። መሳቅ ትችላላችሁ፤ ስትጨርሱ ግን ቁም ነገሩን ያዙልኝ።

ዕድሜዬ 50 ነው። ቦርጭ ቢያስቸግረኝ ሩጫ ልጀምር ብዬ ተነሳሁ። ዱባይ ያለችው ልጄ ይህን ስትሰማ «አባዬ፣ ልብህን እያየህ ሩጥ» ብላ የልብ ምት የሚቆጥር ሰዓት ላከችልኝ።

ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ቱታዬን ለብሼ መስቀል አደባባይ ተገኘሁ። አምስት ደቂቃ ያህል እንደሮጥኩ ሰዓቱን ባየው 172! «ከ220 ላይ ዕድሜህን ቀንስ፤ የሚቀረው የልብህ ጣሪያ ነው» ሲባል ሰምቼ ነበር። የእኔ ጣሪያ 170 ነው። እንግዲህ ጣሪያውን በስቼ ወጥቻለሁ ማለት ነው! ደረጃው ላይ ዘጭ አልኩ። ቤቱን ለማን፣ ዕዳውን ለማን እያልኩ በሆዴ መናዘዝ ያዝኩ።

እዚያው ወጣቶች የሚያሠለጥን አንድ ልጅ ሮጦ መጣ። «ጋሼ፣ ምን ሆኑ?» ሰዓቱን አሳየሁት። ጣቶቹን የእጄ ሥር ላይ አሳርፎ 15 ሰኮንድ ቆጠረ። 34 ሆነ፤ በአራት ሲባዛ 136። «ጋሼ፣ ሰዓቱ የቆጠረው ልብዎን ሳይሆን እርምጃዎን ነው!» አለኝ። አላመንኩም። ትንሽ አርፌ በዚያው አካሄድ እየሮጥኩ እግሬን ብቆጥር በ15 ሰኮንድ 43። በአራት ሲባዛ ቁጭ 172!

ነገሩ እንዲህ ነው። የእጅ ሰዓቱ ከሥሩ አረንጓዴ ብርሃን እያበራ በቆዳ ሥር የሚያልፈውን ደም ይከታተላል። ማሰሪያው ላላ ካለ፣ ወይም ማለዳው ቀዝቅዞ የእጅ ደም ከቀነሰ፣ የእጅን ውዝዋዜ ከልብ ምት ጋር ያምታታል። መፍትሔው ከእጅ አንጓ አጥንት ከፍ አድርጎ ጠበቅ ማድረግ ነው። ደረት ላይ የሚታሰረው ቀበቶ ግን የልብን ኤሌክትሪክ ስለሚያነብ ይበልጥ ይታመናል።

የ220ውም ስሌት ቢሆን ግምት ነው። ዕድሜያቸው እኩል የሆነ ሰዎች ጣሪያ በአሥርና ከዚያ በላይ ሊለያይ ይችላል። እንቅልፍ ማጣት፣ ሙቀትና ቡናም ምቱን ይለውጡታል። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ከቆላ የመጣ እንግዳ እዚህ ሲሮጥ ልቡ ቢፈጥን አይደንግጥ።

ታዲያ ጀማሪ በምን ይመራ? በአፉ! እየሮጣችሁ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ማውራት ከቻላችሁ ልኩ ያ ነው። ቃል ከተቆራረጠባችሁ በእግር ሂዱ። እኔ አንድ ደቂቃ ሮጬ ሁለት ደቂቃ እየተራመድኩ ነው የጀመርኩት።

አሁን ደግሞ ወደማያስቀው ልምጣ። አብሮኝ የሚሮጥ የሠፈሬ ሰው አለ። ዳገት ሲወጣ ደረቱን ይጫነዋል፤ ሲያርፍ ይተወዋል። «ሐኪም ዘንድ ሂድ» ስለው እጁን ዘርግቶ «እየው፣ 128 ነው፤ ሰላም ነኝ» ይለኛል። ሳምንታት እንዲህ አለፉ። በመጨረሻ ባለቤቱ ጎትታ ወሰደችው። የልቡ ደም ሥር ጠቦ ተገኘ! ሰዓቱ አልዋሸም፤ የልቡን ምት በትክክል ቆጥሯል። የደም ሥር መጥበብን ግን አያይም። ዛሬ መድኃኒት እየወሰደ፣ በሐኪሙ ፈቃድ በእግሩ ይሄዳል። መድኃኒቱ የልብ ምት ስለሚያዘገይ የ220ው ስሌት ለእሱ አይሠራም።

እናም ወገኖቼ፣ እኔን ሰዓቱ በከንቱ አስደነገጠኝ፤ ጓደኛዬን ደግሞ በከንቱ አጽናናው። ደረት ከተጫናችሁ፣ ራሳችሁን ሊያስታችሁ ካለ፣ ወይም ትንፋሽ ያለ ልክ ካጠራችሁ ሰዓቱ ምንም ይበል ምን አቁሙ፤ ሕመሙ ካልተዋችሁ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ቤት! ሲተዋችሁም ሳትመረመሩ ወደ ሩጫ አትመለሱ።

ለልጄ ግን ሰዓቱ ግሩም ነው ብያታለሁ። ውሸቴን አይደለም፤ እርምጃ ሲቆጥር አንደኛ ነው!